ሊንኩን ከመሰረዛችሁ በፊት ክፈቱት

አንድ ምሽት ላይ ቁጭ ብዬ 43 ሊንኮችን ከዊኪፔዲያ ጠራርጌ አወጣሁ። አርታኢ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ገና ጥቂት ወራት ነበሩ። ማስታወቂያ የሚመስል ነገር ሳይ ደሜ ይፈላ ነበር። ሰዎች በነፃ በሚጽፉት፣ ሰዎች በነፃ በሚያነቡት መዝገበ ዕውቀት ላይ ሰው እንዴት ሱቁን ይዘረጋል? እያልኩ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሄድኩ። “ንግድ ነው” የምትል አጭር ምክንያት እየጻፍኩ ሰረዝኩ። ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት የውይይት ገጼ ላይ መልእክት ጠበቀኝ። የጻፈው ብዙ ዓመት የሠራ አርታኢ ነው። “ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ከስፌት ማሽኑ ገጽ ላይ ያወጣኸውን ሊንክ ከፍተኸው ነበር?” ይላል። ሌላ ምንም አልጨመረም።

አልከፈትኩትም ነበር።

ያን ጊዜ ከፈትኩት። የፋብሪካው ድረ ገጽ ነው። ከላይ “አሁን ይግዙ” የሚል ትልቅ ቁልፍ አለው። እኔ ማታ ያየሁት አድራሻውን ብቻ ነው፤ አድራሻው የኩባንያ ስም ስለሆነ ሰረዝኩት። ገጹ ግን ወደ ታች ሲወርዱ የሞዴሉን የምርት ዓመታት፣ የመለያ ቁጥሮቹን ዝርዝር፣ የሚወስደውን የመርፌ ዓይነት ይዟል። ጽሑፋችን ውስጥ ያለው ሰንጠረዥ በሙሉ የቆመው በዚያ ገጽ ላይ ነበር። እኔ ሊንኩን ሳወጣ ሰንጠረዡ ያለ ምንጭ ቀረ። ሌሊቱን ደግሞ ሌላ አርታኢ መጥቶ “ምንጭ የለውም” በማለት ግማሹን ቆርጦታል። ትክክለኛ መረጃ በእኔ ችኮላ ጠፋ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለካ እንዲህ ዓይነቱን ነው።

ያች አንዲት ጥያቄ ሥራዬን ለወጠችው። ዛሬ ንግድ ነክ ሊንክ ሲገጥመኝ “ይህ ድረ ገጽ ይሸጣል ወይ?” ብዬ አልጠይቅም። ብዙ ጥሩ ምንጭ ይሸጣል። ጋዜጣ ይሸጣል፣ አሳታሚ ይሸጣል፣ የሳይንስ መጽሔት በውድ ይሸጣል። እኔ የምጠይቀው “አንባቢው ይህን ተጭኖ ቢሄድ ጽሑፉ ያልሰጠውን ምን ያገኛል?” ብዬ ነው። የሚያገኘው የዋጋ ዝርዝር ብቻ ከሆነ ሊንኩ ይወጣል። የሚያገኘው ለተጻፈው ነገር ማስረጃ ከሆነ፣ የተሻለ ምንጭ እስኪገኝ ድረስ ይቆያል።

ይህን ለመመለስ መጀመሪያ የማየው ሊንኩ የተቀመጠበትን ቦታ ነው። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው።

በጽሑፉ መጨረሻ “የውጭ መያያዣዎች” በሚለው ሥር የሚቀመጥ ሊንክ አለ። ይህ የተጨማሪ ንባብ ቦታ ነው። ምንም ዓረፍተ ነገር አይደግፍም። ስለዚህ እዚህ ላይ ጥብቅ መሆን ይቻላል። በዋናነት ዕቃ ወይም አገልግሎት ለመሸጥ የቆመ ገጽ፣ ካልተመዘገባችሁ ወይም ካልከፈላችሁ የማያስገባ ገጽ እዚህ ቦታ የለውም። ማጣቀሻ ግን ሌላ ነገር ነው። በቁጥር ምልክት ከአንድ ዓረፍተ ነገር ጋር የታሰረ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ የሚቆመው በእሱ ነው። እዚህ ላይ “ለማንበብ ገንዘብ ይጠይቃል” የሚለው ብቻውን ለመሰረዝ ምክንያት አይሆንም። ጥሩ የጥናት ጽሑፍ በክፍያ ጀርባ ስላለ ውሸት አይሆንም። ሦስተኛው ደግሞ በጽሑፉ መሀል፣ ቃሉ ላይ የተሰካ የውጭ ሊንክ ነው። “ምርጥ ማሽኖች እዚህ ይገኛሉ” ዓይነቱ። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ መመሪያ የውጭ ሊንክ በጽሑፍ አካል ውስጥ በመደበኛነት እንዳይገባ ይላል። እነዚህን ሳገኝ ብዙም አላቅማማም።

እኔ በዚያ ምሽት ሦስቱንም በአንድ መጥረጊያ ነው የጠረግኳቸው።

ስለ ኩባንያዎች በሚጻፍ ገጽ ላይ የኩባንያው የራሱ ድረ ገጽ ይገባል ወይ የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። አዎ፣ ይገባል። ስለ አንድ ድርጅት የሚያነብ ሰው የድርጅቱን ይፋዊ ገጽ ማግኘት አለበት። ግን አንድ ይበቃል። ዋናውን ገጽ፣ የሱቁን ገጽ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾቹን ሁሉ መደርደር ጽሑፉን የኩባንያው ቢዝነስ ካርድ ያደርገዋል። በብዙ ገጾች ላይ ይፋዊው አድራሻ ከዊኪዳታ፣ ማለትም ሁሉም ቋንቋዎች ከሚጋሩት የመረጃ ቋት፣ በቀጥታ ይመጣል፤ እዚያ አንዴ ከተስተካከለ በየቋንቋው መልፋት ይቀራል።

መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ሰዎች መጽሐፍ ሲጠቅሱ የሚሸጥበትን ገጽ ሊንክ ይለጥፋሉ። ክፋት የለበትም፤ ያገኙት እዚያ ስለሆነ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የሻጩን ሊንክ አውጥታችሁ የመጽሐፉን ደራሲ፣ ርዕስ፣ አሳታሚ፣ ዓመትና ገጽ ጻፉ፤ አይኤስቢኤን የሚባለውን የመጽሐፉን መለያ ቁጥርም ጨምሩ። አንባቢው ቁጥሩን ሲጫን ዊኪፔዲያ ቤተ መጻሕፍትና መደብሮች አንድ ላይ የተዘረዘሩበትን ገጽ ያመጣለታል። ከየት እንደሚያገኘው አንባቢው ራሱ ይመርጣል። እኛ ለማንም ሻጭ ደላላ አንሆንም። ማጣቀሻው ደግሞ ከበፊቱ ይበልጥ ይጠነክራል፤ የሻጭ ገጽ ይጠፋል፣ የመጽሐፍ ቁጥር ግን አይጠፋም።

ሰዎች ሊንካቸውን ለማስገባት ለምን ይህን ሁሉ ይደክማሉ? ብዙዎቹ ከዊኪፔዲያ የሚሄድ ሊንክ ድረ ገጻቸውን በጎግል ፍለጋ ከፍ የሚያደርገው ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎግልና ሌሎች የፍለጋ ድርጅቶች ኖፎሎው የሚባል ምልክት አስተዋወቁ። ሊንኩ ላይ ሲደረግ “ይህን ለደረጃ አትቁጠሩት” ማለት ነው። ከጃንዋሪ 2007 ጀምሮ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ጽሑፎች ውስጥ ያሉ የውጭ ሊንኮች ይህ ምልክት አላቸው፤ በሌሎቹ ቋንቋዎችም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚለፋው በአብዛኛው ለማያገኘው ነገር ነው። ይህን ለአዲስ ሰው በእርጋታ ስነግረው ብዙ ጊዜ ራሱ ይተወዋል። ሁሉም ግን አይተውም። ጠቅ አድርጎ የሚገባ አንባቢ ራሱ ገበያ ነው። “ዊኪፔዲያ ላይ ተጠቅሰናል” ማለትም ለአንዳንዱ ሰው ክብር ነው።

አሁን እስካሁን የሚቆጨኝን ልንገራችሁ።

የንብ ማነቢያ ዕቃ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። በአንድ ቀን በ11 ገጾች ላይ የድርጅቷን ሊንክ አስገባች። ስለ ንብ፣ ስለ ማር፣ ስለ ሰም፣ ስለ ቀፎ በተጻፉት ሁሉ ላይ። ሁሉንም አወጣኋቸው። ማውጣቴ ልክ ነበር። ከዚያ ግን በውይይት ገጿ ላይ የመጨረሻውን ደረጃ ማስጠንቀቂያ ለጠፍኩ። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ለስፓም፣ ማለትም ያልተፈለገ ማስታወቂያ ለሚያስገቡ፣ የተዘጋጁት ማስጠንቀቂያዎች ከ1 እስከ 4 ደረጃ አላቸው። 1ኛው ሰውየው ሳያውቅ አድርጎት ይሆናል ከሚል ቅን ሐሳብ ይነሳል። 4ኛው “ከደገሙ ይታገዳሉ” የሚል ነው። እኔ ለመጀመሪያ ቀኗ ሰው 4ኛውን ሰጠኋት።

“ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት በንብ ማነብ ነው። የማውቀውን ላካፍል ብዬ መጣሁ። እንደ ሌባ አባረራችሁኝ” ብላ ጻፈችና ጠፋች።

ያ የስፌት ማሽኑን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው ይህንንም አይቶ ኖሮ ለእሷ ጻፈላት። መልእክቱን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ ዛሬም እኔ የምጽፈው ከእሱ በተማርኩት መንገድ ነው። “እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሊንኮቹ የወጡት እርስዎ ክፉ ስላደረጉ አይደለም። አንባቢን ወደ ሱቅ የሚወስድ ሊንክ የማንንም አንይዝም። ስለ ቀፎ ያለን ጽሑፍ ግን ደካማ ነው። ስህተት ያዩበት ካለ በውይይት ገጹ ላይ ቢነግሩን፣ ያነሱት ፎቶግራፍ ካለዎትም ቢያካፍሉን በጣም ደስ ይለናል።”

ከሳምንት በኋላ ተመለሰች። በቀፎ ውስጥ በፍሬሞች (ንቦቹ የማር እንጀራ በሚሠሩባቸው ክፈፎች) መካከል ስለሚተወው ክፍተት የጻፍነው ስህተት መሆኑን ነገረችን። ክፍተቱ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ ከጠበበ ንቦቹ በሙጫ ይደፍኑታል፤ ከሰፋ ደግሞ የማር እንጀራ ይሠሩበታል። እኛ ከዚያ በጣም የሰፋ ቁጥር ነበር የጻፍነው። ያንን አንብቦ ቀፎ የሠራ ሰው ቢኖር ምን ያህል በተቸገረ! ማስረጃዋ የራሷ ድረ ገጽ አልነበረም። መጽሐፍ ጠቀሰች፤ ገጹን ጭምር ሰጠችን። ከዚያም የፍሬም፣ የሰምና የቀፎ ፎቶግራፎቿን በነፃ ፈቃድ ወደ ዊኪሚዲያ ኮመንስ፣ የዊኪፔዲያ ፎቶዎች ወደሚቀመጡበት የጋራ ማከማቻ፣ ሰቀለች። ዛሬ የቀፎው ገጽ ላይ ያሉት ጥሩ ፎቶዎች የእሷ ናቸው።

የእኔ ማስጠንቀቂያ ቢሳካ ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር። ሊንክ ማውጣትና ሰውን ማውጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል። ሁለተኛው አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ለእሷ የነገርናትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ምናልባት ይህን የምታነቡት የራሳችሁን ሥራ የሚመለከት ገጽ ስላለ ይሆናል። የጥቅም ግንኙነት ያለው ሰው ጽሑፉን በቀጥታ ባያርም ይመረጣል። በውይይት ገጹ ላይ “እኔ የዚህ ድርጅት ባለቤት ነኝ፤ ይህ ቁጥር ስህተት ነው፤ ማስረጃው ይኸው” ብሎ መጻፍ ይችላል። ሌላ ሰው አይቶ ያስገባለታል። ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው ከሆነ ደግሞ መናገር ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ከጁን 2014 ጀምሮ ዊኪፔዲያን የሚያስተናግደው ድርጅት፣ የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን፣ የአጠቃቀም ደንብ ቀጣሪን፣ ደንበኛንና ግንኙነትን በይፋ እንዲገለጽ ያዛል። ይህን አድርጎ በግልጽ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ ቀድሜ ነው የምረዳው። ግልጽነት ጊዜያችንን ይቆጥብልናል።

በዝምታ የሚመጡትም አሉ። እነሱን ለመያዝ ዓይን ይጠይቃል፤ ዓይኑ የሚገኘው ደግሞ ከልምድ ነው። እኔ የተማርኩበትን ላጫውታችሁ።

ስለ እንቅልፍ ችግር በሚያትት ገጽ ላይ አንድ ማጣቀሻ ነበር። ወደ ዩኒቨርሲቲ ገጽ የሚወስድ ነው። ሊንኩ ሞቶ ነበር፤ ሲጫኑት “ገጹ አልተገኘም” ይላል። አንድ ቀን አዲስ አካውንት መጣና “የሞተ ሊንክ ተካሁ” ብሎ በሌላ ተካው። በለውጥ ዝርዝሩ ላይ የሚታየው የባይት ልዩነት 4 ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር ያለው ለውጥ ብዙውን ጊዜ የፊደል ግድፈት እርማት ስለሚሆን ዓይን ያልፈዋል። እኔ እንዲያውም ጥሩ ሰው ነው ብዬ የምስጋናዋን ቁልፍ ተጫንኩለት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለ ጀርባ ሕመም በተጻፈ ገጽ ላይ ያው ዶሜይን (የድረ ገጹ ዋና አድራሻ) ገጠመኝ። የዚህን ጊዜ ከፈትኩት። የፍራሽ ሻጭ ብሎግ ነው። ጽሑፉ ሐኪም የጻፈው ይመስላል፤ በየሁለት አንቀጹ ግን ወደ ፍራሽ ይመልሳችኋል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና የአርታኢዎች መሣሪያ ወደሚገኝባቸው የዊኪፔዲያ ልዩ ገጾች ሄድኩ። እዚያ የውጭ ሊንክ መፈለጊያ አለ። ዶሜይኑን ስትሰጡት በዊኪው ላይ ያለበትን ገጽ በሙሉ ያወጣላችኋል። ዶሜይኑ ፊት ኮከብ ምልክትና ነጥብ ካደረጋችሁ ንዑስ አድራሻዎቹንም ይጨምራል። 26 ገጽ አወጣልኝ። እንቅልፍ፣ አልጋ፣ ጀርባ፣ አንገት፣ ማንኮራፋት። ያስገቧቸው 9 አካውንቶች ነበሩ። እያንዳንዳቸው 3 ወይም 4 ለውጥ አድርገው ጠፍተዋል። ሁሉም ተመሳሳይ ምክንያት ጽፈዋል፦ “የሞተ ሊንክ ተካሁ።”

ከዚያ ዋናውን የዩኒቨርሲቲ ገጽ ፍለጋ ሄድኩ። የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን እንዲህ ላለው ጊዜ ባለውለታችን ነው። ድርጅቱ ድረ ገጾችን ማስቀመጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ለሕዝብ የተከፈተው በ2001። የሞተውን አድራሻ ስሰጠው ያኔ የተቀመጠውን ቅጂ አመጣልኝ። ከፍራሽ ሻጩ ጽሑፍ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኩ። ሻጩ ያንኑ ጽሑፍ ቃላቱን እየለዋወጠ ጽፎታል። አንድ ቁጥር ግን ሲገለብጥ ተሳስቷል። በእኛ ገጽ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ነው፤ “ምንጩ” ግን ሌላ ይላል። ይህን ሳይ ነው የነገሩ ክብደት የገባኝ። ለካ ጉዳዩ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። ትንሽ ቆይቶ አንድ ቅን አርታኢ መጥቶ ቁጥሩን “ከምንጩ ጋር” ሊያስማማ ይችላል። ያኔ ስህተቱ ዊኪፔዲያ ላይ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ዓለም ይሠራጫል።

26ቱንም ወደ አርካይቩ ቅጂ መለስኩ። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ዝርዝሩን ይዤ አካውንት የማገድ ሥልጣን ላላቸው መጋቢዎች አሳወቅኩ፤ አካውንቶቹ ታገዱ።

እንዲህ ዓይነቱ ነገር በትልቁም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2015 የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ 381 አካውንቶችን በአንድ ላይ አግዷል። በድብቅ እየተከፈላቸው ጽሑፍ የሚያስገቡና አልፎ ተርፎ ከንግድ ድርጅቶች ገንዘብ የሚጠይቁ ነበሩ። 210 ጽሑፎችም ተሰርዘዋል። ኦሬንጅሙዲ በሚል ስም ይታወቃል። ያ የተገኘው እንደ እኔና እናንተ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የለውጥ ታሪክ እየገለጡ ነጥብን ከነጥብ በማገናኘታቸው ነው።

ስለዚህ የሞተ ሊንክ ስታገኙ አትሰርዙት። ባዶ ቦታውን ማን እንደሚሞላው አይታወቅም። አርካይቭ ላይ ፈልጉት፤ ካገኛችሁ የአርካይቩን አድራሻ በማጣቀሻው ላይ ጨምሩ። አንዳንዴ ከሞት የባሰም አለ። ዶሜይኑ ጊዜው ያልፍበትና ሌላ ሰው ይገዛዋል። ትናንት የጤና ማኅበር የነበረ አድራሻ ዛሬ የቁማር ቤት ይሆናል። ያን ጊዜም ማጣቀሻው አይጣልም። የማጣቀሻ ቅጹ ላይ አድራሻው በሌላ ሰው እጅ መግባቱን የምታመለክቱበት ቦታ አለ፤ እሱን ስትሞሉ አንባቢው ወደ አርካይቩ ብቻ ይሄዳል።

ሌላው ተደብቆ የሚመጣው የማጣቀሻ ልብስ የለበሰ ማስታወቂያ ነው። ማንም የማይክደውን ነገር ይጽፋሉ። “በቂ ውሃ መጠጣት ለሰውነት ይጠቅማል” ይሉና ከጎኑ የውሃ ማጣሪያ ሻጭ ብሎግ ያስቀምጣሉ። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ስለሆነ ለመሰረዝ እጅ ያመነታል። እኔ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለቱን እለያያለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ለገጹ የሚጠቅም ከሆነ ይቆይ፤ ሊንኩ ይውጣና በምትኩ ከሕክምና ተቋም ወይም ከመጽሐፍ ምንጭ ይፈለግ። ካላገኘሁ “ምንጭ ያስፈልገዋል” የሚለውን ምልክት አስቀምጣለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ለሊንኩ ሲባል ብቻ የተጻፈ ከሆነ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ሊንኩን ከፍታችሁ ስታነቡ ደግሞ አንዳንዴ ስለተባለው ነገር አንድም ቃል የለውም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ አንባቢን እንዲህ ማንከራተት በደል ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ላንሳ። አንዳንድ ሊንክ ረጅም ጅራት አለው። ከጥያቄ ምልክት በኋላ የሚመጣ የቁጥርና የፊደል ጥርቅም። ጅራቱ ጠቅ ያደረገውን ሰው መከታተያ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከእያንዳንዱ ሽያጭ ኮሚሽን የሚቀበል ሰው ኮድ ይሆናል። ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም። ከስልክ ላይ “አጋራ” ብሎ የቀዳ ሰው ሳያውቅ ይዞት ይመጣል። ጅራቱን ቁረጡና ሞክሩት፤ ገጹ ከተከፈተ ያለ ጅራቱ አስቀምጡት። በሊንክ ማሳጠሪያ የተሸፈነ አድራሻ ግን ጨርሶ አይገባም፤ ብዙዎቹ ማሳጠሪያዎች በጥቁር መዝገብ ላይ ስላሉ ገጹ ራሱ አልቀመጥም ይላል።

ስለ ጥቁር መዝገቡም ጥቂት ልበል። ሁለት ነው፤ የየቋንቋው የራሱ አለው፣ ሁሉንም ዊኪ የሚያካትት ደግሞ ሜታ በሚባለው ዊኪ ላይ ይገኛል። አንድ ዶሜይን እዚያ ከገባ ተራ አርታኢ ወደዚያ ዶሜይን የሚወስድ አዲስ ሊንክ ሊጨምር አይችልም። ከባድ መሣሪያ ነው። ለዚህ ነው እኔ የፍራሽ ሻጩን ዶሜይን እንዲያስገቡት ከመጠየቄ በፊት መጀመሪያ ሁሉንም ገጽ ያጸዳሁት። ሊንኩ በገጹ ላይ እያለ ቢታገድ፣ አንድ አበላሺ ገጹን ባዶ ሲያደርገው ወደ ነበረበት ለመመለስ የሚሞክር ሰው ይቸገራል፤ ሊንኩ እንደ አዲስ ይቆጠርበትና አላስቀምጥም ይለዋል። ከዶሜይኑ ውስጥ በእውነት የሚያስፈልግ አንድ ገጽ ካለ ግን በነጭ መዝገብ ላይ እንዲፈቀድ መጠየቅ ይቻላል።

የሌላን ሰው ለውጥ መመለስ፣ ማለትም መሻር፣ ላይም ልክ አለ። ያው ሰው መልሶ ሲያስገባው፣ እናንተ መልሳችሁ ስታወጡ፣ ነገሩ ወደ እልህ ይሄዳል። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ መመለስ ያሳግዳል። እኔ ከሁለተኛው በኋላ እጄን እሰበስብና በውይይት ገጹ ላይ እጽፋለሁ። ሌላ ዓይን እንዲያየው እጠብቃለሁ። ሊንኩ አንድ ቀን ቢያድር ዓለም አይጠፋም።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ከወዳጄ ጋር የገጠመኝ ነው። አብረን ያደግን ሰው ነው። የሂሳብ አያያዝ ሶፍትዌር ይሠራል። “አንተ እዚያ ትሠራ የለ እንዴ? አንዲት ሊንክ ብቻ አስገባልኝ” አለኝ። ሶፍትዌሩ ጥሩ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ለእሱ እምቢ ማለት በጣም ከበደኝ። ግን ያቺ ሴት 11 ሊንክ ስታስገባ ያወጣሁባት እኔ ነኝ። በምን ዓይኔ የወዳጄን አስገባለሁ? ወዳጄ መሆኑን ገልጬ በውይይት ገጹ ላይ ጥያቄውን አቀረብኩ። ሌሎች አርታኢዎች አዩት። ስለ ሶፍትዌሩ ራሱን የቻለ ሰው የጻፈው ነገር ስለሌለ አይገባም አሉ። ልክ ነበሩ። ወዳጄ ለጥቂት ጊዜ ተቀይሞኝ ነበር። ቁጭ ብለን ከተነጋገርን በኋላ ገባው።

ወደዚያ ምሽት ልመለስ። የሰረዝኳቸውን 43 ሊንኮች በሙሉ፣ የለውጥ ታሪኬን ከፍቼ፣ አንድ በአንድ ዞርኩባቸው። እያንዳንዱን ከፈትኩት። 24ቱ በእውነት መውጣት የነበረባቸው ነበሩ። 15ቱን በይቅርታ ወደ ቦታቸው መለስኩ፤ የስፌት ማሽኑም ሰንጠረዥ ከነሊንኩ ተመልሷል። 3ቱን በመጽሐፍ ማጣቀሻ ተካሁ። የቀረው አንዱ እኔ ስሰርዘውና ልመልሰው ስሞክር ባሉት ቀናት መካከል ድረ ገጹ ተዘግቶ ጠበቀኝ። አርካይቩም ቅጂ አልነበረውም። ስለ አንድ የድሮ የእጅ መፈልፈያ መሣሪያ የተጻፈ አጭር ገጽ ነው። መሣሪያው የተሠራበት ዓመት ከጎኑ “ምንጭ ያስፈልገዋል” የሚለውን ምልክት ይዞ ዛሬም አለ። በየጥቂት ወሩ እየተመለስኩ እፈልግለታለሁ።